የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን፦ ከአባልነት ደብተሩ እስከ መድኃኒት መስጫው መስኮት

በገጠር ወረዳ የሚኖሩ ወላጆቼን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ በየዓመቱ የምሸፍነው እኔ በመሆኔ፣ ይህን ግምገማ የማቀርበው እንደ አንድ ከፋይ ደንበኛ ነው። ስለዚህ መድህን፣ ማለትም ቤተሰቦች በየዓመቱ ጥቂት አዋጥተው ሲታመሙ በጤና ተቋሙ ሳይከፍሉ ስለሚታከሙበት ሥርዓት፣ በአደባባይ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የአባላትን ብዛትና የሽፋን መቶኛ የሚዘረዝር ዓመታዊ ሪፖርት ነው፣ ወይ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ሄዶ መድኃኒት አጥቶ የተመለሰ ሰው ምሬት ነው። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ ነገር ግን ለመመዝገብ የሚያመነታ አባወራ ወይም ለወላጆቹ ለመክፈል ያሰበ ልጅ ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ ምን እንደሚገዛለት፣ ምን እንደማይገዛለትና ችግሩ የቱ ጋ እንደሚጠብቀው ነው። የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ አንድ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በዚህ ዋጋ ሊያገኘው የሚችል ከዚህ የተሻለ የሕመም ወጪ መከላከያ በአገራችን የለም፤ ሆኖም አገልግሎቱ ምርመራው ላይ ደህና ሆኖ ይቆይና መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ሲደርስ ይሰበራል፤ የዚህም መነሻ የመድህኑ ገንዘብ የሚዘዋወርበት መንገድ ነው።

አመጣጡን ማወቅ ጉድለቱን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ፣ ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። ቀጥሎም መንግሥት ሁለት ዓይነት መድህን አቀደ፤ አንደኛው ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከተው ማኅበራዊ ጤና መድህን ሲሆን፣ ሁለተኛው በግብርናና መደበኛ ባልሆነ የከተማ ሥራ የሚተዳደረውን ሕዝብ የሚያቅፈው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። ይህ ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በዚያ የሙከራ ዘመን አንድ ቤተሰብ በትግራይ በዓመት 132 ብር፣ በኦሮሚያ 180 ብር፣ በደቡብ ደግሞ 126 ብር ይከፍል ነበር፤ በአማራ ክልል ግን ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ሆኖ ለአንድ ሰው በወር 3 ብር ነበር። ዛሬ መድህኑ ከ1000 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። መዋጮውም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይከለሳል፤ ስለዚህ አንባቢ የሰፈሩን ዋጋ ከቀበሌው መጠየቅ ይኖርበታል እንጂ የሌላ ከተማ ዘመዱ የነገረውን ይዞ መሄድ የለበትም።

ምዝገባው ቀላል ነው ማለት ይቻላል። በገጠር ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ገበሬው እህሉን አስገብቶ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ በሚገኝበት በበጋው ወራት ሲሆን፣ የቀበሌው አመራሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስታውሳሉ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ መዋጮ ይጠቃለላሉ፤ ዕድሜያቸው ከዚያ ያለፈና በዚያው ቤት የሚኖሩ ልጆች ወይም ሌሎች ጥገኛ ዘመዶች ግን ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። የቤተሰቡ አባላት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የአባልነት መታወቂያ ደብተር ይሰጣል፤ በየዓመቱ ሲታደስም ማኅተም ይመታበታል። እንደ ተጠቃሚ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ እድሳት ነው። መዋጮው በጊዜው ካልገባ መብቱ ይቋረጣል፤ አዲስ የሚመዘገብ ሰውም ወዲያውኑ መታከም አይጀምርም፤ የተወሰነ የመቆያ ጊዜ አለበት። ይህ ደንብ ታሞ ሐኪም ቤት በር ላይ ከቆመ በኋላ ለመመዝገብ የሚሮጠውን ለመከላከል የተቀመጠ ነው፤ ደንቡ ትክክል ቢሆንም፣ እድሳቱ በቢሮ መዘግየት ምክንያት ያልተመዘገበለት ታማኝ ከፋይም በዚሁ ወንፊት ሲጠለል ያሳዝናል።

የሕክምናውን ሂደት የማውቀው በእናቴ ክትትል ነው። እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ስላለባቸው በየጊዜው ወደ አካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ቀድሞ፣ መድህኑ ሳይገባ፣ ካርድ ለማውጣት፣ ለደም ምርመራና ለመድኃኒት በየመስኮቱ ገንዘብ ይቆጠር ስለነበር፣ ክትትሉ ከበግ ሽያጭ ወይም ከልጆች ኪስ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ አንዳንዴም “እስቲ ትንሽ ሻል ካለኝ” እየተባለ ይዘለል ነበር። አሁን እናቴ ደብተራቸውን ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያሳያሉ፣ ቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ግፊታቸውና ስኳራቸው ይለካል፣ የጤና መኮንኑ ያያቸዋል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ከቦርሳ የሚወጣ ሳንቲም የለም። ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። የግፊትና የስኳር ሕመም ሰውየው ደህና እየመሰለው ውስጥ ውስጡን የሚጎዱ በመሆናቸው፣ ክትትሉን የሚያስቀጥል ማንኛውም ነገር ከድንገተኛ ስትሮክና ከኩላሊት መድከም ጋር የሚደረግ ውድድር ነው። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረጉት ጥናቶችም አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ጤና ተቋም አዘውትረው እንደሚጎበኙ አሳይተዋል፤ እኔም በቤተሰቤ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሽፋኑ ምን ድረስ እንደሚሄድ ብዙ ሰው በትክክል ስለማያውቀው በአጭሩ ላስቀምጠው። በተመላላሽም ሆነ በተኝቶ ሕክምና፣ ምርመራውም ቀዶ ጥገናውም፣ መንግሥት በአገሪቱ አቅም ይሰጣል ብሎ በወሰነው መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ማዕቀፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ይካተታል። የመዋቢያ ቀዶ ጥገና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ የአካል ንቅለ ተከላና የኩላሊት እጥበት አይካተቱም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና የመሳሰሉት ደግሞ ከመጀመሪያውም ለማንኛውም ዜጋ በነፃ የሚሰጡ በመሆናቸው የመድህኑ ትሩፋት ተደርገው መቆጠር የለባቸውም፤ በምዝገባ ቅስቀሳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሲቀላቀሉ ይሰማል። የኩላሊት እጥበት መውጣቱ ከወጪው ከባድነት አንጻር የሚገባ ቢሆንም፣ ስኳርና ግፊት ያለባትን እናት ለዓመታት ተከታትሎ መጨረሻው ኩላሊት ሲደክም እጁን የሚያነሣ መድህን መሆኑን ከፋዩ ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል።

የመላክ ሥርዓቱ ሌላው የማይታለፍ ጉዳይ ነው። አባሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ አጠቃላይና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሸጋገራል። ይህን መሰላል ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የወጪውን ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶውን፣ ከኪሱ እንዲሸፍን ይደረጋል። ድንገተኛ ሕመም በዚህ ባይገዛም፣ ድንገተኛው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ታማሚው አይደለም። የደንቡ ዓላማ ሆስፒታሎችን ከጉንፋን ወረፋ ማዳን በመሆኑ እኔ አልቃወመውም። የምቃወመው ሪፈር ጽሕፈቱ ራሱ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ተቋማት መኖራቸውን ነው። አባቴ ለዓይናቸው ወደ ሆስፒታል ሊላኩ በነበረበት ወቅት፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ ሰዓቱ ስለተላለፈ በማግሥቱ ተመልሰው መጥተዋል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ደግሞ በየትኛውም መድህን አይመለስም። ከተራራ ማዶ ለሚመጣ ሰው የሕክምናው ነፃ መሆን የወጪው ከፊል ብቻ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። የእናቴ የመድኃኒት ማዘዣ ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር አለው፤ ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን። የመድኃኒት ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ መደርደሪያዋን ካየች በኋላ፣ ያለውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ፣ የሌለውን ከሥሩ አስምራ “ይቺን ከውጭ ነው፣ እማማ” ብላ ትመልሰዋለች። እናቴ ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው የግል መድኃኒት ቤት ያንኑ መድኃኒት በገንዘብ ይሸጣል። ለወራት መድኃኒቱ ሁሉ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ለወራት ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ብቻ የተገኘበት ጊዜ አለ። የአባልነቱ ትርጉም በቤተሰባችን የሚለካው በዚህ ነው፤ ምርመራውን ሁሉ ያለ ክፍያ ጨርሶ፣ ለሕመሙ መፍትሔ የሆነውን አንድ ፍሬ ነገር ግን ከኪስ የሚገዛ ሰው፣ መድህኑ እንዳታለለው ቢሰማው አይፈረድበትም። አባልነታቸውን ሳያድሱ የሚቀሩ ጎረቤቶች ሲጠየቁ የሚያነሡትም ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በባለሙያዋ ላይ ያላክካል፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። አባሉ ሲታከም ጤና ጣቢያው የአገልግሎቱንና የመድኃኒቱን ዋጋ መዝግቦ ለወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሰነዱ ተመርምሮ፣ ኦዲት ተደርጎ፣ ከዚያ ይከፈላል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ተቋሙ መድኃኒት መልሶ የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይመናመናል። በጥሬ ገንዘብ የሚታከም ሰው ወዲያውኑ ስለሚከፍል የመደርደሪያው ቦታ ቶሎ ይተካል፤ በመድህን የሚታከመው ግን መድኃኒቱን ዛሬ ወስዶ ገንዘቡ ከወራት በኋላ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ አባላት በበዙበትና አገልግሎቱን አዘውትረው በተጠቀሙበት ልክ መደርደሪያው ይራቆታል፤ መድህኑ በተሳካበት ቦታ ሁሉ ይህ ጫና ይከተለዋል። በአንዳንድ ተቋማት ባለሙያዎች ለገንዘብ ከፋዩ ፊታቸውን ሲያበሩና የደብተር ባለቤቱን ሲያቆዩ የሚታየውም፣ ከሥነ ምግባር ጉድለት ባሻገር፣ ይኸው የገንዘብ ልዩነት ስላለ ነው።

በዚህ ላይ የዋጋ ንረቱ ተጨመረበት። መዋጮው የሚወሰነው ለዓመት ነው፤ የመድኃኒት ዋጋ ግን ዓመት አይጠብቅም። አገሪቱ የምትጠቀምበት አብዛኛው መድኃኒትና ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የምንዛሬ ለውጥ በቀጥታ ይነካዋል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የተሰበሰበ መዋጮ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ስትሪፕ መድኃኒት እንደሚገዛ መገመት አያዳግትም። መዋጮውን ከፍ ማድረግ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው፤ ጤነኛውና ወጣቱ ቤተሰብ “ለማይበላ ነገር” ብሎ ይወጣል፣ የሚቀረው ሕመምተኛው ነው፣ ገንዘቡም ፈጥኖ ያልቃል።

የተበጁ መላዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ደህና ይሠራሉ። መድኃኒት በተቋሙ በማይገኝበት ጊዜ አባሉ ማዘዣውን አስመትቶ ውል ከተገባለት የመንግሥት ወይም የማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ያለ ክፍያ እንዲወስድ የሚያደርገው አሠራር በከተሞች ብዙ ችግር አቃልሏል፤ በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። ችግሩ እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት በብዙ የወረዳ ከተሞች አለመኖሩ ነው፤ በአንዳንድ ወረዳዎች ከውጭ የተገዛበት ደረሰኝ ቀርቦ ገንዘቡ ይመለሳል ቢባልም፣ ለደረሰኙ የሚደረገው ምልልስ ከገንዘቡ በላይ ስለሚሆን እናቴን የመሰሉ ሰዎች አይጠይቁም። በሌላ በኩል በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ተቋማት የተስፋፋው፣ የመድኃኒት ግዥውም ሽያጩም ክምችቱም በኦዲት እንዲመረመር የሚያስችለው አሠራር፣ ብክነትን በመቀነስ የመድኃኒት አቅርቦትን እንዳሻሻለ በሙያው ያሉ ሰዎች ይመሰክራሉ። እንዲህ ያለ የሂሳብ ሥርዓት ለመድህኑ ሕልውና ከማንኛውም ቅስቀሳ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የገንዘቡ ቋት ትንሽነት ግን በሂሳብ አያያዝ ብቻ የሚፈታ አይደለም። መድህኑ ለብዙ ዓመታት የተደራጀው በወረዳ ደረጃ በመሆኑ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መዋጮ ለራሱ ሕመምተኞች ያወጣል። ወባ የበረታበት ቆላማ ወረዳና ሪፈራል ሆስፒታል አጠገቡ ያለ ከተማ ቀመስ ወረዳ ወጪያቸው ከፍ ይላል፤ ራቅ ብሎ የሚገኘውና ሆስፒታል ለመሄድ የሚቸገረው ወረዳ ደግሞ ገንዘቡ ይተርፈዋል። ትርፉ ቁጠባ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው ያልተገኘ ሕክምና ነው። በዚህ ረገድ ሩዋንዳን ማየት ይበቃል። የሩዋንዳ የጤና መረዳጃ መድህን ከ1999 እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከሙከራ ወደ አገር አቀፍ ደረጃ ያደገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አስተዳደሩ ከጤና ሚኒስቴር መዋቅር ወጥቶ ወደ አገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ ተዛውሯል፤ በዚህም የአንዱ ወረዳ ጉድለት በሌላው መሸፈን ተችሏል። መዋጮውም ቤተሰቦች በኑሮ ደረጃቸው ተመድበው ከ2000 እስከ 7000 የሩዋንዳ ፍራንክ በነፍስ ወከፍ እንዲከፍሉ ሆኖ የተቀረፀ ነበር፤ የመጨረሻውን ድሃ ድርሻ መንግሥት ከነአጋሮቹ ይከፍላል። በእኛ አገር ግን ጋሪና ወፍጮ ያለውም፣ በጉልበቱ በሰው ማሳ የሚያድረውም፣ ለረጅም ጊዜ እኩል ሲከፍሉ ኖረዋል። የቋቱን መጠን ወደ ዞንና ወደ ክልል ከፍ የማድረጉ ሥራ በአንዳንድ ቦታ መጀመሩ ተገቢ አቅጣጫ ነው፤ ዘግይቷል ብዬ ብናገር ግን የተጋነነ አይሆንም።

ፍትሐዊነቱን በይበልጥ የሚፈትነው የድሃ ድሃ ምልመላው ነው። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌ ነዋሪዎች ተለይተው መዋጯቸውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥትም በሙከራው ዘመን ከአባላት መዋጮ 25 በመቶ ያህል ድጎማ ይጨምር ነበር፣ ኋላ ላይ መጠኑ ዝቅ ብሏል። በመርህ ደረጃ ይህ ከመድህኑ ሁሉ የላቀው ክፍል ነው። በተግባር ግን የሚመለመለው ሰው ብዛት በድህነቱ ልክ ሳይሆን ወረዳው በያዘው በጀት ልክ ነው፤ መቶ ሰው ይገባዋል ቢባልና በጀቱ ለስልሳ ቢሆን አርባው በዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል። ስም ዝርዝሩም ቶሎ አይታደስም፤ ባል የሞተባት፣ ሰብል የወደመበት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ዘንድሮ ደኸይቶ በቀጣዩ ምልመላ ይታሰባል። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው የጎዳና ነዋሪና የቀን ሠራተኛማ ከመጀመሪያውም አይታይም። እንዲሁም በአፋርና በሶማሌ ክልል ያለው አርብቶ አደር ሕዝብ፣ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ቋሚ ቀበሌና ውል የተገባበት ጤና ጣቢያ ላይ ለተመሠረተ መድህን አልተመቸም፤ በነዚህ አካባቢዎች መስፋፋቱ የዘገየውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የደብተሩ ከቦታ ቦታ አለመሄድ ለአርብቶ አደሩ ብቻ የሚተው ችግር አይደለም። ውል ያለው ወረዳው ከመረጣቸው ተቋማት ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ለሰርግ ወይም ለልቅሶ ሌላ ዞን ሄዶ የታመመ አባል ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ይከፍላል። እናቴ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ በከረሙበት ጊዜ ክትትላቸውን ሁሉ በገንዘብ ነው የቀጠልነው።

ደመወዝተኛው ደግሞ በሌላ ጎን ቀርቷል። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛውና አሠሪው እያንዳንዳቸው ከደመወዙ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ቢወስንም፣ መድህኑ የኑሮ ውድነቱን የፈራው ሠራተኛ ቅሬታና የተቋማት ዝግጅት ማነስ ተደማምረው ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። በዚህም ምክንያት በገጠር ያሉ ወላጆቹ መድህን ያላቸው፣ እርሱ ግን የሌለው መምህር ወይም ነርስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 አሮጌውን የሆስፒታል መድህን ፈንድ ትታ ከገቢ 2.75 በመቶ የሚሰበስብ፣ ዝቅተኛው በወር 300 ሽልንግ የሆነ አዲስ ሥርዓት ስትጀምር ብዙ ጩኸት ገጥሟታል፤ ሆኖም ደመወዝተኛውንና ገበሬውን በአንድ ቋት ለማስቀመጥ መሞከሯ እኛ ገና ያልደፈርነው ነገር ነው። ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር የሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ቀረጥ ለጤና መድህኗ መድባለች፤ በዚህ የተነሣ የመድህኑ ሕልውና በአባላት ዓመታዊ መዋጮ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ጋናም ብትሆን ለሆስፒታሎች ክፍያ በማዘግየት ትታወቃለች፤ ግን ቢያንስ የገንዘቡ ምንጭ ከድሃው ኪስ የሰፋ ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ከጤና ወጪው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው አሁንም ከቤተሰብ ኪስ በቀጥታ የሚወጣ መሆኑን የብሔራዊ የጤና ሂሳብ ጥናቶች ያሳያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የመድህኑ ጠቅላላ ጉባኤ። በሕጉ መሠረት አባላት በተወካዮቻቸው በኩል ሂሳቡን ይሰማሉ፣ ቅሬታቸውን ያቀርባሉ። ሰፈራችን ያለው ዕድር ገንዘብ ያዡ በየስብሰባው ገቢና ወጪውን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ የማያነብ ገንዘብ ያዥ ወንበሩ ላይ አይሰነብትም። የወላጆቼ ወረዳ መድህን ግን ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ስንቱ ለየትኛው ተቋም እንደተከፈለ፣ ስንቱ እንደተረፈ ተነቦ የሰማ ጎረቤት እስካሁን አላገኘሁም። መረጃው በጽሕፈት ቤቱ መኖሩን አልጠራጠርም፤ ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግን አባሉ የመድኃኒቱን እጥረት በትዕግሥት ለመቀበል ወይም በተገቢው ቦታ ለመጠየቅ ምክንያት ያገኝ ነበር።

ለመመዝገብ ላሰበ ሰው ምክሬ ይህ ነው። ቤተሰብዎ ውስጥ የግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ክትትል ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ሳያመነቱ ይመዝገቡ፤ አንድ የተኝቶ ሕክምና ወይም አንድ ቀዶ ጥገና የበርካታ ዓመታት መዋጮዎን ይመልሳል። መድኃኒት ይጎድላል ብለው አስቀድመው ያስቡና ለዚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ። ማዘዣ ሲቀበሉ የጎደለው መድኃኒት ከየትኛው የውል መድኃኒት ቤት እንደሚገኝ በዚያው መስኮት ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ የሚነግርዎ ላይኖር ይችላል። ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ ከሆነ ሪፈሩን ማኅተም ማስመታትዎን ሳያረጋግጡ ከጤና ጣቢያው ግቢ አይውጡ።

በዓረብ አገሮች፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆነው ወላጆቻቸው በታመሙ ቁጥር በድንገት ለሚላክ ገንዘብ የሚጨነቁ ልጆችም ይህን መድህን ቸል ሊሉት አይገባም፤ የወላጆቹን መዋጮ በአገር ቤት ባለ ዘመድ በኩል በምዝገባው ወቅት ማስከፈል ይቻላል። ሲያስከፍሉ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ ደብተሩ ላይ የዘንድሮው ማኅተም መመታቱንና፣ ወላጆቹን የምትንከባከበው ከ18 ዓመት በላይ የሆነች እህት ወይም የቤት ልጅ ካለች ተጨማሪው መዋጮ ተከፍሎ ስሟና ፎቶግራፏ በደብተሩ መካተቱን።